ለመጀመሪያ የትራክ ቀን የትኛው ሞተር ይሻላል?

የዛሬው ዝግጅት ሞተር ሳይክል ለሚነዱ፣ በተለይም አንድ ቀን ከትራፊክ መብራትና ከእግረኛ ተላቀው በውድድር ትራክ ላይ ለመንዳት ለሚያስቡ ነው። ትራክ ዴይ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው እንደሚገምተው ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ ዳኛ የለም፤ አንደኛና ሁለተኛ የሚባልም የለም። ክፍያችሁን ትከፍላላችሁ፣ ጠዋት ሞተራችሁ ይፈተሻል፣ የባንዲራዎቹ ትርጉምና የመቅደም ደንቡ ይነገራችኋል። ከዚያ ነጂዎች እንደ ልምዳቸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቡድን ተከፍለው በየተራ 20 ደቂቃ ያህል ይነዳሉ። ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያስኬደው የዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት፣ ዱባይ አውቶድሮም፣ የኳታሩ ሉሳይል፣ እንግሊዝ አገር ያለው ብራንድስ ሃች እንዲህ ላለ ቀን ተራውን ሞተረኛ ያስገባሉ። ሁሉም ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች ብዙም አይርቁም። ቦታው ቢለያይም ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን በምን ሞተር ልግባ?

ለዚህ ጥያቄ ሞተረኞች ዘንድ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ። አንደኛው «ትራክ የተሠራው ለእሽቅድምድም ሞተር ነው፤ ስለዚህ እንደ ያማሃ አር 1 ወይም እንደ ቢኤምደብሊው ኤስ 1000 አርአር ያለውን ይዘህ ግባ» ይላል። ሁለተኛው ሰከን ያለ ይመስላል፤ «ሺህ ሲሲው ይበዛብሃል፣ ስድስት መቶውን ያዝ» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የሚነሡት ከሞተሩ ነው፤ ምን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፣ ለምን ተሠራ፣ ምን ያህል ይፈጥናል ብለው ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ መነሻው ነጂው መሆን አለበት እላለሁ። ለመጀመሪያው ቀን የሚሻለው ሞተር ከነጂው ሐሳብ ላይ ትንሹን ድርሻ የሚወስደው ነው። ይህም ለአብዛኛው ሰው አሁን በየቀኑ የሚነዳው የራሱ ሞተር ነው። የራሱን ይዞ ለመግባት የሚያስቸግር በቂ ምክንያት ካለ ደግሞ በጤና ያለ ትንሽ ሞተር ነው። የቀረው ንግግሬ ይህን ማስረዳትና የሚነሡበትን ተቃውሞዎች መመለስ ይሆናል።

ሐሳቡ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ሱፐርባይክ ስኩል የተባለውን የሞተር ትምህርት ቤት የመሠረተው ኪት ኮድ፣ በ1983 ባወጣው «ኤ ትዊስት ኦቭ ዘ ሪስት» በተሰኘ መጽሐፉ የነጂን ትኩረት በአሥር ዶላር መስሎት ነበር። አሥር ዶላር አላችሁ፤ ከዚያ በላይ የላችሁም። ሞተር ማሽከርከር ገና የሚለምድ ሰው ከዚያች አሥር ዶላር ውስጥ ትልቁን ክፍል የሚያወጣው ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹንና ፍሬኑን ለማስተባበር ብቻ ነው። ነገሩ ልማድ ሲሆን ወጪው ይቀንስና ለሌላ ጉዳይ የሚሆን ትርፍ ይገኛል። አሁን የመጀመሪያውን የትራክ ቀን የመጀመሪያ 20 ደቂቃ አስቡት። መንገዱን አታውቁትም፤ ከጉብታው በስተጀርባ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ ገና አላጠናችሁም። ባንዲራ የያዙት ሠራተኞች የቆሙባቸውን ቦታዎች በዐይናችሁ መፈለግ አለባችሁ። ከኋላችሁ ሰው አለ፣ ስፖኪዮው ግን በፕላስተር ተሸፍኗል ወይም ተነቅሏል። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ዐይናችሁ ወደ መውጫው ማየት ሲገባው ከፊት ለፊታችሁ ያለው አስፋልት ላይ ይተከላል። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመጣ አሥር ዶላሯ አልቃለች። እዚህ ላይ ጠባዩን የማታውቁት 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከተጨመረ ገና ሳትጀምሩ ባለዕዳ ሆናችኋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ረጅም ቀጥታ መንገድ አለ እንበል። መጨረሻው ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚገባበት ኩርባ ይጠብቃል። ትንሹ ሞተር ቀጥታው መጨረሻ ላይ ሲደርስ 150 ላይ ነው፤ ሺህ ሲሲው ደግሞ 220 ላይ። ሁለቱም ፍሬን የሚይዙት በእኩል ብርታት ነው፤ በየሰከንዱ ፍጥነታቸው 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ይወርዳል። ትንሹ ከ150 ወደ 80 ለመውረድ ሦስት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜና 90 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ትልቁ ከ220 ወደ 80 ለመውረድ አምስት ሰከንድ ተኩልና 230 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ብቻ በልጦ ሳለ የፍሬን ርቀቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ጀማሪ ደግሞ የፍሬን መያዣ ቦታውን መሳቱ አይቀርም። ሁለቱም ነጂዎች ከሚያስፈልጋቸው ርቀት አንድ አሥረኛውን አሳልፈው ፍሬን ያዙ እንበል። የትንሹ ሞተር ነጂ የሳተው 9 ሜትር ነው፤ ኩርባው አፍ ላይ 80 መሆን ሲገባው 90 ላይ ይደርሳል። የትልቁ ነጂ የሳተው 23 ሜትር ነው፤ እሱ የሚደርሰው 103 ላይ ነው። ጥፋታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የሚከፍሉት ዋጋ ግን ይለያያል።

ይህ ልዩነት ኩርባው ውስጥ ምን እንደሚሆን ተከተሉኝ። ኩርባው ስድሳ ሜትር ራዲየስ ያለው ቢሆን፣ በ80 የሚገባ ሞተር ወደ 40 ዲግሪ ያህል ማጋደል አለበት። ለመንገድ ስፖርት ጎማ ይህ ቀላል ባይሆንም የሚቻል ነው። በ90 የገባው 47 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ ልብ ያስደነግጣል፣ ግን ጎማው ሞቆ ከሆነና ነጂው መሪውን ጨብጦ ካልደነዘዘ ኩርባውን ሊዞረው ይችላል። በ103 የገባው የሚያስፈልገው 54 ዲግሪ ነው። ይህ የባለሙያ ተወዳዳሪ አንግል ነው፤ በመንገድ ጎማ ለሚነዳ ጀማሪ መጨረሻው ከአስፋልቱ መውጣት ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ በሉ። የማጋደሉን መጠን የሚወስኑት ፍጥነቱና የኩርባው ስፋት ብቻ ናቸው፤ የሞተሩ ጉልበትም ሆነ ክብደት በስሌቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ኩርባ ውስጥ በሺህ ሲሲ የሚማረው ነገር ሁሉ በአራት መቶ ሲሲም አለ። ትልቁ ሞተር የሚጨምርለት ቀጥታው ላይ ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ጋዝ መክፈት ደግሞ ማንም ተምሮት የማያውቅ፣ ማንንም ያላቃተው ነገር ነው።

ሕግ አውጪዎችም ይህን የተረዱት ይመስላል። በአውሮፓ ኅብረት መንጃ ፈቃድ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ኤ 2 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ሞተሩን በ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም በ47 የፈረስ ጉልበት ይወስነዋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እንዲህ ያለ የጉልበት ደረጃ የለም፤ የሞተር ፈቃድ ዛሬ ያወጣ ሰው ገንዘቡ ካለው ነገ ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ 4 ላይ መውጣት ይችላል፤ ያውም ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለውን። አገር ቤት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባለው ሞተር ላይ ነጂነትን ተምሮ የመጣ ሰው ይህ ዝላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሕግ አያገኝም። የሚከለክለው ሕግ ስለሌለ ልኩን ማወቅ ለራሱ ተትቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችሁ ሞተር እንመለስ። በየቀኑ የምትነዱት ሞተር፣ ዘመናዊም ባይሆን፣ ትልቅ ሀብት አለው፤ እጃችሁ ያውቀዋል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ሳታስቡ ታገኙታላችሁ። የፊት ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ ቆይቶ የሚጠነክር ይሁን ወይስ ገና ሲነካ የሚነክስ ታውቃላችሁ። በስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳላችሁ በድምፁ ትለያላችሁ። ይህ ሁሉ ከአሥር ዶላሯ ላይ ሳይነካ የሚቀር ነው። ከሰው የተዋሳችሁት የትራክ ሞተር ግን የራሱ ወጥመዶች አሉት። አንዱን ብቻ በደንብ እንመልከት። በመንገድ ሞተር ላይ የማርሹ ፔዳል ወደ ታች ሲረገጥ ማርሹ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ሲሳብ ይጨምራል። ለውድድር በተዘጋጁ ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ይገለበጣል፤ ነጂው ወደ ግራ ባጋደለበት ሰዓት እግሩን ከፔዳሉ በታች ለማስገባት ቦታ ስለማያገኝ፣ ማርሽ የሚጨምረው ወደ ታች በመርገጥ እንዲሆን ተደርጓል። ለለመደው ድንቅ ነገር ነው። ያልለመደው ግን ሞተሩ እየጮኸ ከኩርባ ሲወጣ ማርሽ እጨምራለሁ ብሎ እንደ ልማዱ በጫማው ጫፍ ወደ ላይ ሲስብ ማርሹ ይወርዳል፤ የኋላ ጎማው በድንገት ይያዝና ይንሸራተታል። ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ጥርስ የሌለው ስሊክ ጎማም እንዲሁ ነው። ስሊክ በጎማ ማሞቂያ ካልሞቀና ነጂው በፍጥነት ነድቶ ሙቀቱን ካልጠበቀለት ከመንገድ ጎማ ያነሰ ይይዛል። ጀማሪ ደግሞ በፍጥነት አይነዳም፤ ሊነዳም አይገባውም። ለእሱ ጥሩ የመንገድ ስፖርት ጎማ ከስሊክ ይልቅ የሚያስተማምን ነው።

«የራሴ ሞተር» ስል ግን በጤና ያለውን ማለቴ ነው። መንገድ ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረ ድካም ትራክ ላይ በአንድ ሰዓት ይገለጣል። ዋነኛው የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ ሲገባበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ መፍያ 155 ይሆናል። ወደ ሥራ ሲኬድና ሲመለስ ይህ ልዩነት አይታወቅም፤ ፍሬኑ ያን ያህል አይግልምና። ትራክ ላይ ግን በየዙሩ ያው ጠንካራ ፍሬን በተደጋጋሚ ይያዛል። ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር የፍሬኑ እጀታ ጠንከር ማለቱን ትቶ ስፖንጅ እንደመጨበጥ ይሆናል፣ ከዚያም እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ደግሞ የቀጥታው መጨረሻ ላይ ነው። ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት፤ ወጪው ቀላል ነው። የፍሬን ሸራውን ውፍረት፣ የካቴናውን ውጥረት፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ የሚመለስ መሆኑን አረጋግጡ። የጎማ ነፋስም መንገድ ላይ ከሚሞላው ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል የሚለው እንደ ጎማው ዓይነት ስለሚለያይ እዚያው ትራኩ ላይ ያለውን የጎማ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል። ራዲያተር ውስጥ አንቲፍሪዝ ያለበት ሞተርም በአንዳንድ አዘጋጆች ዘንድ አይገባም፤ ፈሳሹ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ በጣም ያንሸራትታልና በንጹሕ ውሃ እንድትቀይሩት ይጠይቃሉ።

የራስን ሞተር የማያስመርጥ አንድ ጠንካራ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። የመንገድ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በትራክ ላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሞተሩን የሚገዛው በብድር ነው። ሞተሩ ትራክ ላይ ቢሰባበር የወሩ ክፍያ አብሮት አይሰባበርም፤ ሞተር የሌለው ባለዕዳ ሆኖ መቅረት ይመጣል። ስለዚህ «ይህ ሞተር ዛሬ ማታ በፒክአፕ ተጭኖ ቁርጥራጩ ቢመለስ ኑሮዬ ይናጋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ሞተሩን የቱንም ያህል ብታውቁት ለዚህ ቀን አይሆንም። ነገሩ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱ ራሱ ትኩረት ይበላል። በየኩርባው የሚያብረቀርቀውን ቀለም እያሰበ የሚነዳ ሰው መሪውን አጥብቆ ይይዛል፣ ክንዱ ይደርቃል፣ ሞተሩም ለመታጠፍ ይቸገራል። ሞተሩ ክሩዘር ከሆነም እንዲሁ ሌላ መፈለግ ይሻላል፤ የእግር መርገጫውና ማርሚታው ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ገና ትንሽ ሲያጋድል አስፋልት ይነካል። ቀና ተብሎ የሚነዳው፣ ሽፋን የሌለው የመንገድ ሞተር ግን ግሩም ነው፤ ሰፊ መሪው በቀላሉ ይታጠፋል። ስፖርት የሚል ስም ስለሌለው አፍራችሁ አትተዉት።

እንግዲህ መከራየት ወይም ርካሽ ያገለገለ መግዛት የሚያስፈልገው ሰው ምን ይያዝ? ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ከ2018 ጀምሮ የተሠራ 399 ሲሲ ሞተር ነው፤ 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ከነፈሳሹ 168 ኪሎ ክብደት አለው። የያማሃ አር 3 321 ሲሲ፣ የኬቲኤም አርሲ 390 ደግሞ 373 ሲሲ ናቸው። ሦስቱም ጋዙን እስከ መጨረሻ ብትከፍቱት ከኩርባ መውጫ ላይ አያስፈነጥሯችሁም፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ ነጻነት ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ሱዙኪ ኤስቪ 650 አለ፤ ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ጉልበቱን ከታች ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚሰጥ፣ ያገለገለ መለዋወጫው የማይታጣ ሞተር ነው። ያማሃ አር 7ም በዚሁ ወገን ነው። የስድስት መቶዎቹ ነገር ግን እንደሚባለው «መካከለኛ» አይደለም። ያማሃ አር 6ን ብንወስድ ጉልበቱ ያለው ከፍ ባለ የሞተር ዙር ላይ ነው፤ ከታች ሲሆን የተኛ ይመስላል፣ ከአሥር ሺህ ዙር በላይ ሲያልፍ ሌላ ሞተር ይሆናል። ነጂው ያን ጠባብ ቦታ ለመጠበቅ ማርሽ በትክክለኛው ሰዓት እየቀያየረ መኖር አለበት። ሲሲው ሲታይ የሺህ ታናሽ ወንድም ቢመስልም ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከነጂው የሚጠይቀው ትኩረት በሲሲው ልክ አይደለም።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። ከሁሉ በላይ የሚነሣው «በትንሽ ሞተር ከገባሁ ሁሉም እየጣሰኝ ያልፋል፤ አደጋም ነው፣ ውርደትም ነው» የሚለው ነው። ቀጥታው ላይ መቀደማችሁ እውነት ነው። ሉሳይል ላይ ብትሄዱ ዋናው ቀጥታ 1,068 ሜትር ነው፤ በአራት መቶ ሲሲ ያን ርቀት መጨረስ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፣ ይህን አልክድም። የብራንድስ ሃች አጭሩ ዙር ግን በጠቅላላው ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እዚያ ትልቁ ሞተር ጉልበቱን ሳይዘረጋ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ የትራኩ ቅርፅ ከሞተሩ ምርጫ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ወደ አደጋው ስንመጣ፣ በብዙ አዘጋጆች ደንብ በጀማሪ ቡድን ውስጥ መቅደም የሚፈቀደው ቀጥታ ላይ፣ ወይም ሰፋ ያለ ርቀት ትቶ በውጭ በኩል ብቻ ነው። የሚቀድመው ሰው ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው፤ የሚቀደመው መስመሩን ጠብቆ መንዳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በጀማሪ ቡድን ውስጥ መንገድ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ትንሹ ሞተር አይደለም። ቀጥታው ላይ በጉልበቱ አልፎ ኩርባው ሲመጣ ደንግጦ እንደ ኤሊ የሚዞረው ባለ ሺህ ሲሲ ነው። ከኋላው ያለው ኩርባ ውስጥ መቅደም ስለማይፈቀድለት ይታገሣል፣ ቀጥታው ሲመጣ ሰውየው እንደገና ይሸሻል፣ እንዲህ እያሉ 20 ደቂቃው ያልቃል። ውርደቱን በተመለከተ ግን ማንም ሰዓት በማይይዝበት ቦታ ስለ ውርደት መጨነቅ ትንሽ የሚያስቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቀዳሚው ይጠነክራል። «የዛሬ ሞተሮች ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፤ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር አለ፣ የፊት ጎማ እንዳይነሣ የሚያደርግ አለ፣ ሲያጋድልም የሚሠራ ኤቢኤስ አለ። ደግሞስ የኪት ኮድ ትምህርት ቤት ራሱ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው በቢኤምደብሊው ኤስ 1000 አርአር አይደለም ወይ?» ይላል። ልክ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት በዚያ ሞተር አስተምሯል። ነገር ግን እዚያ ተማሪው ብቻውን አይደለም፤ አሠልጣኝ ይከተለዋል፣ በየዙሩ የሚሠራው አንድ ልምምድ ይሰጠዋል፣ ሞተሩም በየጊዜው የሚፈተሽ ነው። ከሁሉም በላይ ይህ ምሳሌ የእኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ኤስ 1000 አርአር በ2010 ገበያ ላይ ሲውል ከነበሩት የአነዳድ ምርጫዎች አንዱ የዝናብ የተባለው ነው፤ ያ ምርጫ ጉልበቱን ከ193 ወደ 150 ገደማ ያወርደዋል። ማለትም ትልቁን ሞተር ለማለዘብ የሚደረገው ጉልበቱን መቀነስ ነው። ሊቀነስ የሚገባው ጉልበት ቀድሞውኑ ባይኖርስ? ኤሌክትሮኒክሱ ሊያደርገው የማይችለው ደግሞ አለ። ፍሬን ዘግይቶ ለያዘ ሰው ቀጥታውን አያረዝምለትም። ቀደም ብለን ያሰላነውን 230 ሜትር ወደ 90 ሊያወርደው የሚችል ኮምፒውተር የለም። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል፤ ዐይን የት እንደሚያይ አይመራም። ይህን ስል ኤቢኤስን ማጣጣሌ አይደለም፤ ሁለት እኩል ትንንሽ ሞተሮች ቀርበው አንዱ ኤቢኤስ ካለው እሱን ያዙ።

«እኔ ረጅምና ከባድ ነኝ፣ ትንሽ ሞተር ላይ ጉልበቴ ክርኔን ይመታዋል» የሚል ሰው ግን እውነቱን ነው። የእነዚህ ሞተሮች ስፕሪንግ የተዘጋጀው ለቀላል ሰው ነው፤ መቶ ኪሎ ያለፈ ሰው ፍሬን ሲይዝ ፊቱ እስከ መጨረሻ ይሰምጣል። ለእሱ ኤስቪ 650 ወይም የሚያክለው ሞተር ይሻለዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ትንሹን ቶሎ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ መግዛት ሊኖርብኝ ነው» የሚለው ነው። ትንሽ ሞተርን መጨረስ የሚባለው ነገር ከሚታሰበው በላይ ሩቅ ነው። ስፔናዊቷ አና ካራስኮ በ2018 የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈችው በካዋሳኪ ኒንጃ 400 ነው፤ በዚያም በሶሎ ሞተር የአስፋልት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናውን በ1978፣ በ1979 እና በ1980 ያሸነፈው አሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ ካሊፎርኒያ ባለው እርሻው ላይ ተወዳዳሪዎችን ያሠለጥን የነበረው ሆንዳ ኤክስአር 100 በምትባል ትንሽ የአፈር ሞተር ነበር። የዓለም ፈጣን ሰዎች መቶ ሲሲ ላይ የሚማሩት ነገር ካገኙ የቅዳሜ ነጂ በአራት መቶ ሲሲ የሚማረው አያልቅበትም። ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፤ ትንሽ ሞተር ጎማ አይበላም፣ ያገለገለውም ሲሸጥ ብዙ አይከስርም። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ መከራየት አለ።

ታዲያ ወደ ትልቁ የሚታለፈው መቼ ነው? በየዙሩ ፍሬን የምትይዙበት ቦታ አንድ ሲሆን፣ ከኩርባ ስትወጡ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁ ሞተሩ ሲያንሳችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ሲሳሳት ሳትደነግጡ መስመራችሁን መቀየር ስትችሉ ጊዜው ደርሷል። እስከዚያ ድረስ ለትልቁ ሞተር የታሰበው ገንዘብ ለአዲስ ጎማና ለተጨማሪ የትራክ ቀን ቢውል ይሻላል። ብዙ አዘጋጆች ለጀማሪ ቡድን አሠልጣኝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመድባሉ፤ ጠዋት ስትመዘገቡ ጠይቁና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከኋላው ተከተሉ።